የማይረግፈው ቢጫ አበባ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግቢያችን ሱሉልታ ነው፤ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ። አጥሩ ሽቦ ስለሆነ ውስጡ ከመንገድ ይታያል። ከጥቅምት ጀምሮ ቢጫው አበባ፣ የዘር ሻጮች ስትሮው ፍላወር የሚሉት፣ ሲፈነዳ አላፊ አግዳሚው ይቆማል። የሚጠይቀው ደግሞ ያው አንድ ዓይነት ነው። ሽቦው ላይ ተደግፌ ስመልስ ስንቴ ወጥ አሳርሬያለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ «አንብብ» ብዬ ወደ ድስቴ ልመለስ ነው።

ይሄ ነገር የእውነት አበባ ነው ወይስ ፕላስቲክ?

የእውነት ነው። በጥያቄው አልስቅም፤ እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቀን ጣቴን ሰድጄ ነው ያረጋገጥኩት። ስትነኩት ይንኮሻኮሻል። ነጭ ሽንኩርት ስትልጡ ከጣታችሁ ሥር የሚሰማው ድምፅ ዓይነት ነው። ሥሩ እርጥብ መሬት ውስጥ ነው፣ ቅጠሉ ለምልሟል፣ ጫፉ ላይ ያለው አበባ ግን ድርቅ ያለ ነው። ገና ሳይቆረጥ!

ምክንያቱ ይሄውላችሁ። እኛ የአበባ ቅጠል ብለን የምናየው ቢጫ ነገር የአበባ ቅጠል አይደለም። እምቡጡን ከውጭ የሚያቅፉት ቅርፊቶች ናቸው። ሱፍ አበባን ገልብጣችሁ ጀርባውን ብታዩ አረንጓዴ ሆነው ተደራርበው ታገኟቸዋላችሁ። በዚህኛው ተክል ላይ እነዚያ ቅርፊቶች ረዝመው፣ ቀለም ይዘው፣ እንደ ወረቀት ደርቀዋል። አበባው ሲከፈት ሕዋሶቻቸው የሞቱ ናቸው። እውነተኞቹ አበቦች መሐል ያለው ክብ ውስጥ ተጠጋግተው የታጨቁት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ንብ የምትመጣው ለእነሱ ነው፤ ወረቀቱን ዞር ብላም አታየው።

አይጠወልግም የሚባለውም ለዚህ ነው። ለመጠውለግ እኮ መጀመሪያ ውሃ መያዝ ያስፈልጋል።

አደይ አበባ ነው እንዴ?

አይደለም። ዘመዳሞች ግን ናቸው። አደይም፣ ኑግም፣ ሱፍም፣ ይሄኛውም ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። ከሩቅ ለሚያይ ቢጫው ያሳስታል። ቅረቡና ንኩት፤ አደይ ለስላሳና ቀዝቃዛ ናት፣ ይሄኛው ይንኮሻኮሻል። አደይን ቀጥፋችሁ ብርጭቆ ውስጥ ብታደርጓት ብዙም ሳትቆይ አንገቷን ትደፋለች። ይሄኛውን መደርደሪያ ላይ ብትረሱት ለከርሞም እዚያው ነው።

አደይን ይተካልናል የሚለኝ ሰው ግን ያናድደኛል። አደይ ማንም ሳይዘራት፣ ማንም ውሃ ሳያጠጣት በመስከረም ሜዳውን የምትሞላ የአገር ልጅ ናት። ይሄኛው እንግዳ ነው፤ መስተንግዶ ይፈልጋል።

እዚህ አገር ከአደይም የቀረበ ዘመድ አለው። ባሌ ሳነቴ ላይ ወይም ሰሜን ተራራ የወጣ ሰው፣ በዚያ ብርድ መሐል ብርማ ጠጉር ያለበሰው ቁጥቋጦና ወረቀት የሚመስል አበባ አይቶ ይሆናል። እነሱ ሄሊክሪሰም ይባላሉ። የእኔ አበባም በዚሁ ስም ሲጠራ ኖሮ ነው በኋላ የተለየው።

ከየት መጣ? ትክክለኛ ስሙስ ማነው?

ከአውስትራሊያ። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የአገሩ ልጅ ነው። ባሕር ዛፉ በምኒልክ ዘመን መጥቶ ተራራውን ወረሰው፤ ይሄኛው ግን እንደዚያ የመስፋፋት ጠባይ በእኔ ግቢ አላሳየም።

የሳይንስ ስሙ ዜሮክሪሰም ብራክቲያተም ነው። የመጀመሪያው ቃል በግሪክ ከ«ደረቅ» እና ከ«ወርቅ» የተሠራ ነው። ደረቅ ወርቅ፤ ያወጣለት ሰው አይቶ ነው ያወጣለት። ስሙ ግን ሲቀያየር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1803 ፈረንሳዊው የእጽዋት ሊቅ ቬንተና ሲመዘግበው ተክሉ የናፖሊዮን ሚስት የጆሴፊን የአትክልት ቦታ ውስጥ የሚያድግ ነበር። ለረጅም ዘመን ሄሊክሪሰም ተባለ። በ1990 ሩሲያዊው ፅቬሌቭ የአሁኑን ስም ሰጠው። በማግሥቱ ዓመት ሌሎች ሰዎች ብራክቲያንታ አሉት። ዘር ስትገዙ ፓኬቱ ላይ ከሦስቱ አንዱን ብታገኙ አትደናገጡ፤ ያው ነው።

የዘር ሻጮች ስትሮው ፍላወር ይሉታል። ችግኝ ሻጭ ጋ ሄዳችሁ «የወረቀት አበባ» ብቻ ካላችሁ ቦገንቪላ ተሸክማችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። እኛ ቤት «የማይረግፈው» ነው የምንለው፤ እናቴ ያወጣችው ስም ነው።

የትኛው ዓይነት ይሻላል?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በዘር የሚሸጠው፣ ቀጥ ብሎ የሚያድገው፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ ደማቅ ቀይ እየተቀላቀለ የሚመጣው ነው። ቀለሙ እንዲህ የበዛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀርመን ውስጥ ከተዳቀለ በኋላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ ዓመት ተክል ይቆጠራል።

ሁለተኛው በቅንጣቢ፣ ማለትም ከተክሉ ተቆርጦ በሚተከል ጫፍ፣ ብቻ የሚባዛ፣ ስም የወጣለት የጓሮ ዝርያ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ዳርጋን ሂል ሞናርክ ነው። አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ካኒንግሃም ጋፕ ከሚባል ተራራማ ቦታ የተገኘ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ አትክልተኞች ገባ። ወደ ላይ ከመርዘም ወደ ጎን መንሰራፋት ይወዳል። ቁመቱ ከጉልበት ብዙም አያልፍም፣ ስፋቱ ግን ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ቅጠሉ ወደ ግራጫ የሚያደላ ለስላሳ ነው። አበባው ወርቃማ ቢጫ፣ ከ7 እስከ 9 ሳንቲሜትር የሚሰፋ። መዳፋችሁን ዘርጉና አስቡት።

ከእሱ የተወለዱም አሉ። ኮካቱ የሚባለው ሐመር ሎሚማ ቢጫ ሆኖ መሐሉ ብርቱካናማ ነው። ፕሪንሰስ ኦፍ ዌልስ የተባለው ደግሞ ካንቤራ ካለው ብሔራዊ የእጽዋት ማዕከል የወጣ ነው። ልዕልት ዳያና እ.ኤ.አ. በ1985 ስትጎበኘው ነው ስሟ የተሰጠው። ከአባቱ ሰብሰብ ያለ ተክል ነው።

የእኔስ? ሐቁን ልናገር፤ ስም የለውም። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ፓኬት ዘር ገዛሁ። ፓኬቱ ላይ ያለው ፎቶ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነው። የበቀለው ግን የሠርግ ቤት ሆነ፤ ሮዝ፣ ነጭ፣ የተጠበሰ ሽንኩርት የመሰለ ቡናማ። ሻጩ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። «ተፈጥሮ ነው እህቴ» አለኝ። ከመሐላቸው ሁለቱ ግን ጥርት ያለ ወርቅ ነበሩ፣ ጎንም የሚንሰራፉ። ሌላውን ነቃቅዬ እነሱን አስቀረሁ። ዛሬ ግቢው ውስጥ ከምታዩት አብዛኛው የእነዚያ የሁለቱ ቅንጣቢ ነው።

ዘሩን ሰብስቤ ብዘራ ያንኑ አበባ ያወጣልኛል?

አያወጣም። ማለት፣ ይበቅላል፤ ያንኑ መሆኑን ግን ማንም አይምልላችሁም። ንብ የጎረቤቱን የአበባ ዱቄት አምጥታ ትቀላቅለዋለች። ቢጫ ይመጣል፣ ገርጣ ያለ ይመጣል፣ ቁመቱ የተለየ ይመጣል። ስም ያለው ዝርያ በስሙ እንዲቆይ የሚፈለገው ቅንጣቢ ነው። ጽጌረዳ በቅርንጫፍ ከጎረቤት እንደምንዋዋሰው ማለት ነው።

አሠራሩ ይሄ ነው። አበባ ያልያዘ ለጋ ጫፍ ምረጡ። ጣት በሚያህል ወይም ትንሽ በሚበልጥ ርዝመት፣ ቅጠል ከወጣበት አንጓ ሥር በምላጭ ቁረጡ። በመቀስ አይሁን፤ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሱ። ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ የበሰበሰ ፍግ ውስጥ ሰኩት። ከዚያ ሃይላንድ ላስቲኩን ከመሐሉ ቁረጡና ድፉበት፤ ክዳኑን ክፈቱት፣ ካልሆነ ይሻግታል። ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሥር ያወጣል። ሥር ማውጣቱን ለማወቅ በየቀኑ ነቅሎ የሚያይ ሰው አውቃለሁ። ባለቤቴ ነው። የእሱ አንዱም አልያዘም።

መቼ ልዝራ?

እዚህ ደጋው ላይ ዋናው ነገር አበባው ከጥቅምት በኋላ ካለው ፀሐይ ጋር እንዲገናኝ ማድረግ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከዘር እስከ አበባ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ እኛ ጋ በብርዱ ምክንያት ትንሽ ይረዝማል። እኔ ነሐሴ አጋማሽ ላይ በሣጥን እዘራለሁ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ወደ መደብ አወጣለሁ። የዘር ተክሎቹ ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ ላይ ያብባሉ። በጥቅምት ከመንገድ የምታዩዋቸው ከቅንጣቢ የያዙትና ዓመት የቆዩት ናቸው።

ዘሩን አትቅበሩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። አፈሩ ላይ በትኑት፣ በመዳፋችሁ ጫን ጫን አድርጉት፣ በቃ። ውሃ በጆግ አይፈስበትም፤ ሣጥኑን ከሥር ውሃ የያዘ ትሪ ላይ አስቀምጡና አፈሩ ራሱ ይምጠጥ። ሙቀት ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ይመቸዋል። የሱሉልታ ነሐሴ ይሄን አይሰጥም፤ ስለዚህ ሣጥኑ የሚያድረው ማድቤት መስኮት ላይ ነው።

ለእንቁጣጣሽ ይደርስልኛል?

ትኩሱ አይደርስም። በመስከረም እንዲያብብ ከፈለጋችሁ ክረምቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ማሳደግ አለባችሁ፤ ያንን ዝናብ ችሎ የሚወጣው ጥቂት ነው። የወጣውም እንደተዘጋ ይውላል። በላስቲክ ቤት ካልሆነ አትድከሙ።

ግን በጥር የደረቀው አለላችሁ። እኛ ቤት እንቁጣጣሽ ላይ ረከቦቱ አጠገብ የሚቀመጠው አደይና በጥር የደረቀው የማይረግፍ ተቀላቅለው ነው። አደይ እስከ ሳምንቱ ትሄዳለች፤ ሌላው ይቆያል።

ሰፈራችን መረሬ ነው። ይሆናል?

እንደዚያው እንዳለ ከሆነ፣ አይሆንም።

ገላን፣ አቃቂ፣ ለገጣፎ ቆላማው ጋ፣ የእኛም የሱሉልታ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ውሃ ይዞ ጫማ ያወልቃል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ለጤፍና ለጓያ ይሁን። ይሄ ተክል ግን ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል። አሟሟቱ ያታልላል፤ ላዩ ይጠወልግና ውሃ የጠማው ይመስላችኋል። ውሃ ትጨምሩለታላችሁ። ጨርሳችሁ ገደላችሁት ማለት ነው።

እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ አርባ ችግኝ እንዲህ ፈጅቻለሁ። ሐምሌ ነበር። ጠዋት ተነስቼ ሳይ መደቡ ኩሬ ሆኗል። እጄን ከትቼ አንዱን ስስበው እንደ ቅቤ እጄ ላይ መጣ፤ ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ፣ ልጣጩ ተንሸራቶ፣ ውስጡ ክር ብቻ ቀርቷል። አርባውንም ቆጠርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም «ይሄ አበባ ብዙ ውሃ ይወዳል አይደል?» ሲለኝ ፊቴ ይለዋወጣል።

መፍትሔው ከፍታ ነው። መደቡን ከመሬት ሁለት ስንዝር ከፍ አድርጉ፣ ዙሪያውን ቦይ ቅደዱ። አፈሩን በአሸዋና በበሰበሰ ፍግ አላልቱት። እኔ ከሥሩ ቀይ አሽ አነጥፌያለሁ። ጎረቤታችን መንገድ ሊያስተካክል ያስደፋው አሽ ተርፎ ነበርና በአካፋ ለመንኩት። እንዲህ ካደረጋችሁ መረሬውም ይገራል። እንጦጦ ሥር ወይም መናገሻ በኩል ቀይ አፈር ያላችሁ ሰዎች ግን ይሄን ሁሉ አትስሙ፤ ዝም ብላችሁ ትከሉ፣ የታደላችሁ!

ዝናብ ሲመጣ አበባው ተዘጋ። ታሞ ነው?

አልታመመም፤ ልማዱ ነው። በጣም የምወደውም ይሄንን ነው።

ወረቀታማዎቹ ቅርፊቶች ደረቅ አየር ሲያገኙ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ እርጥበት ሲያገኙ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ማታ ጤዛ ሲወርድ ይዘጋል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይከፈታል። የሚገርመው ይሄን ለማድረግ በሕይወት መኖር አያስፈልገውም። ቅርፊቱ ከሥሩ አጠገብ መታጠፊያ አለው። የመታጠፊያው ሁለት ጎኖች አሠራራቸው የተለያየ ነው። እርጥበት ሲያገኙ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ያብጣል፣ ያን ጊዜ ቅርፊቱ ይጎብጣል። ሲደርቅ ይመለሳል። የእርጥበትና የድርቀት ጨዋታ ነው እንጂ የነፍስ አይደለም።

ያወቅሁት እንጀራ ስጋግር ነው። አንድ እስር የደረቀ አበባ ማድቤት ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነበር፤ ከተቆረጠ ዓመት አልፎታል። ምጣዱን ስከድን፣ እንፋሎቱ እየተነሳ ግድግዳውን ሲልስ፣ አበባዎቹ አንድ በአንድ እንደ ጡጫ ተጨበጡ። ጨርሼ፣ ምጣዱ በርዶ፣ ቡና አፍልቼ ስመለስ ተከፍተዋል። ልጆቹን ጠራኋቸው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ማድቤት ውስጥ ተመልካች ነበር።

እናንተም ሞክሩት። የደረቀ አበባ ውሃ ውስጥ ንከሩ፤ ብዙም ሳትቆዩ ይዘጋል። አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አድርጉት።

ውርጭ አይገድለውም?

ቀለል ያለውን ይችላል። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ የሚያድርበት ቀን አለ። ያደጉት ተክሎች ጫፋቸው ትንሽ ይቃጠላል እንጂ ይቀጥላሉ። ችግኞቹ ግን ይጎዳሉ። ማታ ማዳበሪያ አልብሷቸው፣ የጤፍ ጆንያውን ማለቴ ነው፣ ጠዋት አንሱላቸው። ጠዋት ውርጩን ላርግፍ ብላችሁ ውሃ አትርጩ። አቃቂና ገላን ያላችሁ ዝቅ ስለምትሉ ብዙ አትቸገሩም።

ውሃና ፍግስ?

መደቡ ላይ ከያዘ በኋላ በበጋ በሳምንት ሁለት ቀን ጠገብ አድርጎ ማጠጣት ይበቃዋል። ጠዋት፣ ሥሩ ላይ እንጂ አናቱ ላይ አይደለም። የበሰበሰ ፍግ ሲተከል አንድ ጊዜ፣ ከተቆረጠ በኋላ አንድ ጊዜ። ዩሪያ ብትበትኑበት ቅጠል ብቻ ይሆንባችኋል። ፀሐይ ግን አትንፈጉት፤ ቢያንስ የግማሽ ቀን ሙሉ ፀሐይ። ዛፍ ሥር የተከለው ሰው ቀጭን ረጅም ግንድ ነው የሚያገኘው።

ኮንዶሚኒየም ነኝ። በረንዳ ላይ ይሆናል?

ይሆናል፤ እንዲያውም ከእኔ የተሻለ ይሆንላችኋል። የየካ አባዶ ወይም የቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ፀሐይና ነፋስ የሞላበት ነው፣ መረሬም የለበትም። የቀለም ባልዲ በቂ ነው። ሥሩን በጋለ ሚስማር ቀዳዱት፣ ከታች ቀይ አሽ ወይም ጠጠር አድርጉ። ባልዲው ቶሎ ስለሚደርቅ በጣታችሁ እየነካችሁ አጠጡ። ከላይ ያለውን ጎረቤት ግን አስቡ። ልብስ አጥቦ ሲያሰጣ የሚንጠባጠበው ኦሞ የሚያርፈው አበባችሁ ላይ ነው።

ምን ይበላዋል?

ለጋው ጫፍ ላይ ክሽክሽ ይሰፍራል። ሲያንስ በጣት መጥረግ፣ ሲበዛ የላርጎ ውሃ መርጨት። በክረምት ቀንድ አውጣ ችግኝ ያወድማል፤ ማታ በባትሪ ለቅሞ መጣል ነው፣ ዶሮ ካላችሁ ደግሞ ለዶሮ። ቅጠሉ ጀርባ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ተጠጋግቶ ተተክሏል ማለት ነው። የታመመውን ቅጠል አንሱና አየር እንዲያልፍ አሳሱት።

መቼ ይቆረጣል? እንዴት ይደርቃል?

ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው። ተከፍቶ፣ አምሮ፣ «አሁን ደረሰ» ስትሉ አልፎታል። ያን ጊዜ ብትቆርጡት በሚደርቅበት ጊዜ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ መሐሉ ይጠቁራል፣ ጥጥ የመሰለ ነገርም ይበተንበታል። መቆረጥ ያለበት ከውጭ ያሉት ሁለት ሦስት ዙር ቅርፊቶች ብቻ ተከፍተው፣ መሐሉ ገና እንደተዘጋ ነው። ተቆርጦም መከፈቱን ይቀጥላል፤ እናንተ የምትፈልጉት ቅርጽ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ጤዛው ከለቀቀ በኋላ ረፋድ ላይ ቁረጡ። ቅጠሉን አርግፉ። አሥር አሥሩን በላስቲክ እሰሩ፤ ግንዱ ሲደርቅ ይቀጥናልና በክር ያሰራችሁት ሾልኮ ይወድቃል። ቁልቁል ስቀሉት። ጨለማና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን፤ እኛ ዕቃ ቤት ጣሪያ ሥር ነው የምንሰቅለው። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ይደርቃል፣ ቀለሙ ግን ይነጣል። ጢስ ያለበት ማድቤትም አይሆንም፤ የእኔ እስር ሽሮ ሽሮ ይሸት ነበር። ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃል።

አንድ ችግር አለው። አበባው ከባድ ነው፣ የደረቀው ግንድ ደካማ ነው። ስለዚህ አንገቱ ይሰበራል። መፍትሔው ሽቦ ነው። ገና ትኩስ እያለ ግንዱን አሳጥራችሁ ቁረጡ፣ ቀጭን ሽቦ ከሥር ወደ አበባው ሆድ አስገቡ፤ በፊት ለፊት እንዳይወጣ። አበባው ሲደርቅ ተኮማትሮ ሽቦውን ነክሶ ይይዛል። ደርቆ ካለቀ በኋላ ልስካ ብትሉ ይፈረካከሳል።

አንድ ተክል ስንት ዓመት ይቆያል?

ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት። ካበበ በኋላ ካልከረከማችሁት እንጨት እንጨት ይልና መሐሉ ባዶ ይሆናል። እኔ መጋቢት ላይ፣ በልጉ ሲገባ፣ ጨክኜ ወደ አንድ ሦስተኛው አወርደዋለሁ። ከታች ለጋ ቅጠል እስካለ ድረስ ያቆጠቁጣል። ባዶ እንጨቱ ላይ ከቆረጣችሁ ግን ላያቆጠቁጥ ይችላል። ከተከረከመው ላይ ቅንጣቢ ውሰዱ፤ አሮጌው ቢሞት አዲሱ ቆሟል።

ሽጬ እኖርበታለሁ?

አይመስለኝም። ሆለታና ሰበታ በኩል ያሉት ትልልቅ እርሻዎች ጽጌረዳ የሚያመርቱት ገበያው ስላለ ነው። የዚህኛው ጥቅሙ ማቀዝቀዣ አለመፈለጉ ነው፤ ዛሬ ያልተሸጠው ነገም ይሸጣል። ጉዳቱም ያው ነው፤ አንዴ የገዛ ሰው ቶሎ አይመለስም። እኔ ለገና ሰሞን ለጎረቤትና ለሁለት ቡና ቤቶች እሰጣለሁ። የዘይት ወጪዬን ይሸፍናል። ከዚያ በላይ ነው የሚላችሁ ሰው ምናልባት ዘር ሊሸጥላችሁ ነው።

አውስትራሊያ እህት አለችኝ። ዋናውን ዝርያ በሻንጣ ታምጣልኝ?

ተዉት። የተክል ቅንጣቢ ያለ ፈቃድና ያለ ጤና ምስክር ወረቀት አይገባም፣ ያለምክንያትም አይደለም፤ ከቅጠሉ ጋር በሽታ ይመጣል። ቦሌ ላይ ደግሞ እህትዎ በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለለችውን ነገር ስታስረዳ ማየት አይፈልጉም።

ለመቃብር ይሆናል?

ይሆናል፤ ብዙ እናቶች ይሄን ነው በዝግታ የሚጠይቁኝ። ደረቁን በሽቦ ክብ አድርጋችሁ ብትሠሩት ከላስቲኩ አበባ ይሻላል። ፀሐይ ላይ ስለሚውል ቀለሙ በወራት ውስጥ ይገረጣል፣ በክረምት ከሆነ ደግሞ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከመስቀል በኋላ ያለው ሙት ዓመት ላይ ያምራል። ለእናቴ የወሰድኩት ጥቅምት ላይ ነበር። ጠዋት ደርሼ ሳስቀምጠው በጤዛው ተዘግቶ ነበር፤ ቄሱ ፍትሐቱን ጨርሰው ቀና ስል ተከፍቷል።

ችግኝ ትሸጫለሽ?

ችግኝ አልሸጥም። ቅንጣቢ ግን በነጻ ነው። መጋቢት ላይ ስከረክም ኑ፣ የተቆረጠ ሃይላንዳችሁን ይዛችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን፤ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነኝ፣ ውሻው ደግሞ አይታሰርም።